ሰማያዊ ብጣሽና ቀዝቃዛ ብረት

በአትክልት እርሻው ጥግ፣ ከብስባሹ ክምር አጠገብ፣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ወንበር አለ። አውቶቡሱ ድሮ ተበታትኖ ለብረት ቀላጮች ተሸጧል። መሪው የት እንደገባ፣ ጥሩምባው ዛሬ ማን ላይ እንደሚጮህ የሚያውቅ የለም። ወንበሩ ግን አለ። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ስፖንጁ ብቅ ብሏል፤ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይለብሳል፤ ዶሮዎቹ ሰው የለም ብለው ሲያስቡ እንቁላል ሊጥሉበት ይሞክራሉ። ባለቤቱም አለ። ጠዋት ጠዋት ቆቡን ደፍቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጭኖ፣ ክምሩን እንደ ሩቅ መንገድ እያየ ይቀመጥበታል።

ሾፌሩ ይሉታል። መንዳት ከተወ ወዲህ ልጁ አድጎ ሚስት አግብቷል፤ ቅጽል ስሙ ግን እንደ ጥላው አብሮት ቀረ።

በዚህ እርሻ መርዝ አይረጭም፣ ከሱቅ የመጣ ማዳበሪያ አይበተንም። ካሮቱም፣ ጎመኑም፣ ሰላጣውም የሚበሉት ሾፌሩ ያበሰለላቸውን ነው፦ የዶሮ ኩስ፣ የታጨደ ሣር፣ የድንች ልጣጭ፣ የወደቀ ቅጠል። እነዚህን ደራርቦ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ በመንሽ ያገላብጣቸዋል። ክምር ሲገላበጥ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ የአረም ዘር ቢሉ፣ የበሽታ ዘር ቢሉ፣ ሆዱ የገባውን ሁሉ ቀቅሎ ጥቁር አፈር ያደርገዋል። ሙቀቱን የሚለካው በአንዲት ረጅም ብረት ነው። ክምሩ መሃል ሰክቷት ይቆይና መዘዝ ያደርጋታል። እንግዳ ካለ ለእንግዳው ያቀብላል።

"እስቲ ያዛት።"

እንግዳው ይይዝና "ውይ!" ብሎ ይለቃታል። ያን ጊዜ የሾፌሩን ፊት ማየት ነው! ልጁን የዳረ አባት እንደዚያ አይኮራም።

"የኔ ክምር እንቁላል ይቀቅላል" ይላል።

"ሰላሳ ዓመት ሙሉ ይቀቅላል፣ አንድ ቀን ግን አብልቶን አያውቅም" ትላለች ሚስቱ ከመደቦቹ መሃል ቀና ሳትል።

ወደዚህ እርሻ ያመጣው ዘፈን ነው። በጎረምሳነቱ መኪና የሚያበር እንጂ የሚነዳ አይመስልም ነበር፤ ተሳፋሪው ሲሳፈር ጸሎት ጀምሮ ሲወርድ ነበር አሜን የሚለው። አንድ ቀን ከመንገድ ዳር አንዲት ልጅ ቅርጫት አንጠልጥላ አስቆመችው። ቅርጫቱ ሙሉ ቲማቲም ነው። ቦታ ስታጣ እግሩ ሥር፣ ከማርሹ አጠገብ አስቀመጠችውና ከጎኑ ቆመች። መኪናው በዘለለ ቁጥር ቅርጫቱን እያቀፈች፣ እሱን ሳታይ፣ መስኮቱን እያየች፣ እንዲህ ብላ አንጎራጎረች፦

ቀስ ብለህ ንዳት እንጂ ሾፌር አደራህን፣
ቲማቲም ይዣለሁ የሚመስል ልብህን።

ከኋላ የነበሩት ሳቁ። ሾፌሩ አልሳቀም። እግሩ በራሱ ጊዜ ከነዳጁ ላይ ተነሣ። ከዚያች ቀን ወዲያ ያቺ አውቶቡስ እንደ ሙሽራ መኪና እየተንሸራሸረች ነበር የምትሄደው። "አንተ ሰውዬ፣ ቀብር ነው እንዴ የምንሄደው?" ብለው ተሳፋሪዎቹ ቢጮኹም፣ ልጅቷ የምትሳፈርበት ቦታ ሲደርስ ሞተር አጥፍቶ ይጠብቅ ጀመር። እሷን "ተሳፋሪዬ" እንዳለ ቀረ። ዛሬም እንደዚያው ይጠራታል።

ሊያገባት ሲጠይቅ አባቷ እሺም እምቢም አላሉትም። መንሽ ሰጡት፤ ክምሩን አሳዩት። "ይህን አገላብጥና ና፣ እናወራለን" አሉት። መዳፉ እስኪላጥ አገላበጠ። በማግስቱ ሽማግሌው ብረቷን ከክምሩ መዘው ያዟት፤ ቶሎም ለቀቋት። "ይኼስ መንዳት ይችላል" አሉ። ጋብቻው በዚህ አለቀ።

እንግዲህ የዚህ ቤት ሀብት ያ ቲማቲም ነው። ለዓይን አያምርም። እንደ አሮጌ ቦርሳ የተጨማደደ፣ ትከሻው አረንጓዴ፣ መልኩ ኩርፊያ ነው። ግን አንዴ የቀመሰው ሰው ሌላ ቲማቲም ሲበላ ያዝናል። ሽማግሌው በየዓመቱ ጣፋጩን እየመረጡ፣ ዘሩን እያስቀሩ ያሳደጉት ነው፤ ሌላ ሰው ጋ የለም፣ ሌላ ዓይነትም እዚህ ገብቶ አያውቅም። ሲሞቱ ሴት ልጃቸው ሰማያዊ የሥራ ሸሚዛቸውን በቀጫጭኑ ቀደደችው። ቲማቲሞቹ ከድጋፍ እንጨታቸው ጋር የሚታሰሩት በነጭ ብጣሽ ነው። ለዘር የተመረጠው ፍሬ አንገቱ ላይ ግን ሰማያዊዋ ብጣሽ ትታሰራለች። ሰማያዊ ያሰረ አይቀጠፍም፣ አይሸጥም፣ አይበላም። ልቡ እስኪላላ፣ ቆዳው እስኪሸበሸብ፣ ግንዱ ላይ ዕድሜ ጠግቦ ይቀመጣል። ይህን በቤቱ የማያውቅ የለም። ሁሉ ስለሚያውቀውም አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም።

ጥፋቱም የመጣው በዚሁ ነው።

ልጃቸው፣ አትክልቱን በፒክአፕ ገበያ የሚያደርሰው፣ በዚያ ዓመት ሚስት አገባ። ሙሽራይቱ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። አንሶላ ስታጥፍ ጠርዙ ቢላ ይመስላል። ወደ አማቷ ቤት ስትመጣ እጇ ሥራ ፈቶ እንዳይታይ የምትሆነውን አታውቅም ነበር፤ የዶሮዎቹን ውሃ መጠጫ ሳይቀር በሳሙና ታጥባለች። "ምራቴ አንድ ቀን ካሮቱን ነቅላ፣ አጥባ፣ መልሳ ትተክለዋለች" ብላ አማቷ ሳቀች፤ ወደደቻትም።

የቲማቲሙ መከር አልቆ ሰማያዊ ያሰሩት ብቻ ግንዱ ላይ ሲቀሩ፣ ትልቋ ሴት ልጅ ወልዳ እናቷን ጠራች። የልጅ ልጅ መጥቶ የሚቀር አያት የለም። ሻንጣዋን ይዛ ፒክአፑ ላይ ልትወጣ ስትል ባሏን ክንዱን ያዘችው።

"ሾፌሩ፣ ሰማያዊዎቹን አደራ። ዘንድሮ ጣሪያው አፍስሶ ትራፊ ዘሩን እንዳሻገተብኝ ታውቃለህ። ሌላ የለኝም። ከቀለጡ ዘራቸውን አውጣልኝ።"

"ተሳፋሪዬ፣ ሂጂ። ስንቱን ሰው አድርሻለሁ፤ ጥቂት ቲማቲም ያቅተኛል?"

በሄደች ማግስት፣ እርጥብ ሣር በመንሽ ሲያነሣ፣ ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ክምሩ ላይ ተደገፈ። ቀስ ብሎ፣ እንደተሰበረ ዕቃ ራሱን ተሸክሞ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ለማንም አልተናገረም። አሮጌ መኪና ድምፅ ሲያወጣ ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ ያውቅ የለ? እንደዚያው አደረገ፤ ሰው ሲመጣ የኪስ ሬዲዮውን ዘፈን ከፍ ያደርጋል፣ መንሹን ጭኑ ላይ ያጋድማል፣ "አሁን አገላብጬ ማረፌ ነው" ይላል። ክምሩ ግን መንሽ ሳይነካው፣ ዝም ብሎ፣ ቀዝቅዞ ተኛ። ብረቷስ? ብረቷን በዶሮዎቹ ቤት ቆርቆሮ ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል አስደገፋት። ልጁ ሲመጣ ከዚያ አንሥቶ፣ ከክምሩ የመዘዛት አስመስሎ ያቀብለዋል።

"ውይ! አባዬ፣ አሁንም አለህ!"

"ምን መሰለህ!" ይላል ሾፌሩ። ልቡ ግን አያምንበትም።

የቲማቲሙ መደብ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። እስከዚያ ወርዶ መመለስ አልቻለም። ከወንበሩ ላይ ሆኖ አሻግሮ ያያል፤ አንድ ቀንም ምራቱ እዚያ ጎንበስ ቀና ስትል አያት። ጎበዝ፣ እያረመች ነው አለ በሆዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባልዲ ይዛ ከኋላው መጣች።

"አባባ፣ ይህን የት ልድፋው? የተበላሸ ነው።"

ዞሮ ማየት ወገቡን ሊገነጥለው ሆነ። ፊቱን ሳያዞር በአውራ ጣቱ አመለከታት።

"እዚሁ ልጄ፣ እዚሁ። የኔ ክምር ሁሉን ይበላል።"

ደፋችው። ከላይም ቅጠል አለበሰችው።

አያቲቱ የሕፃን ሽታ ተሸክማ፣ ፊቷ አብርቶ ስትመለስ ምራቷ በር ላይ ጠበቀቻት። ሻንጣዋን ተቀበለቻት፤ ሻይ ቀዳችላት፤ ልትነግራት የቸኮለችው ምሥጢር እንዳላት ሁሉ ቁጭ ብድግ አለች። በመጨረሻም ከመሳቢያው ውስጥ አንድ ነገር አውጥታ በሁለት እጇ አቀረበችላት። የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ ጠርዝ ለጠርዝ የታጠፈ የብጣሽ ጨርቅ ክምር ነበር። ከታች ነጭ፣ ከላይ ሰማያዊ።

"እማዬ፣ ለከርሞ እንዲሆንዎት ብዬ ነው። እንዴት ቆሽሸው ነበር መሰልዎት! ሰማያዊዎቹን ለብቻ ነው ያጠብኳቸው፣ ነጩን ቀለም እንዳይነኩት።"

ሴቲቱ ሰማያዊዎቹን አነሣች። አፍንጫዋ ላይ አደረገቻቸው። ያባቷ ላብና አፈር የለም፤ ሳሙና፣ ሳሙና ብቻ ይሸታሉ።

"ቲማቲሞቹስ፣ የኔ ልጅ?" አለች ቀስ ብላ።

"የትኞቹ? እነዚያ የተሸበሸቡት? እነሱማ በስብሰው ነበር። አባባ ክምሩ ላይ ድፊው አሉኝ።"

በሩ ላይ የቆመው ልጅ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ወይኔ! አልነገርኩሽም እንዴ?" አላት ሚስቱን።

"ምኑን?"

ነገሩን ሲያስረዳት፣ ሙሽራይቱ መጀመሪያ ሳቀች፣ የቀለዱባት መስሏት። ቀጥሎ የአማቷን ፊት አየች። ከዚያ ተዘርፍጣ አለቀሰች።

"ተይ ልጄ፣ አታልቅሺ። የማይነግሩሽን ከየት ታውቂዋለሽ?" አለች አማቷ። ጀርባዋን እያሻሸችላት የራሷ እንባ ግን ምራቷ ትከሻ ላይ ይወርዳል።

"ከሱቅ ዘር እንገዛለን፣ እማዬ" አለ ልጁ። "ቆንጆ ቆንጆ፣ ክብ ክብ የሆነ አለ።"

"ክብ ኳስም አለ" አለች እናቱ። "አንተ ኳስ ትበላለህ?"

"ታዲያ ክምሩን ብንበረብረውስ?"

"የትኛውን ክምር? ያባትህን ክምር?" ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ በዓይኗ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፣ ያም ባሰ። "ያባትህ ክምር እንኳን ዘር፣ ድንጋይ አይተርፈውም። አባቴ 'መንዳት ይችላል' ብሎ የዳረኝ ሰው ነው። አብስሎታል። ባለሙያ መሆኑ ዛሬ ጎዳኝ።"

ሾፌሩ በሕይወቱ ብዙ ተሞግሷል። እንደዚህ ያቃጠለው ሙገሳ ግን አልነበረም። አፉን ከፈተ። ክምሬ ቀዝቃዛ ነው ሊል ነው። ይህን ካለ መንሹም፣ ወንበሩም፣ የሽማግሌው ቃልም ይሄዳል፤ ወገብ የሌለው ሰው እርሻ ላይ ምን ይሠራል? ለጌጥ ነው? አፉን መልሶ ዘጋው። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

ሊነጋጋ ሲል ከጎኑ አልጋውን ባዶ አገኘው፤ እሷ የለችም። በመስኮት ሲያይ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ባዶው መደብ አጠገብ ቆማለች። ምንም አታንጎራጉርም። በዚያ ሁሉ ዘመን ያቺ ሴት መደብ ዳር ቆማ ሳትዘፍን አይቷት አያውቅም፤ ወፎቹም ግራ የተጋቡ መሰለው። አንድ ሾፌር መኪናው እየነደደ እንኳ ተሳፋሪውን ሳያወርድ አይዘልም፤ ይህን ያውቃል።

ወጣ። ወደ ክምሩ ሄዶ ብረቷን እስከ ወገቧ ሰካት፤ ትንሽ ቆየና መዘዛት። ከዚያ እንደ ምርኩዝ እየተመረኮዛት፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ቁልቁለቱን ወረደ። እሷ ዞር ስትል እየመጣ ነው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚራመድ አየች።

"አንተ! ምን ሆነሃል?"

"ያዣት" አላት ብረቷን ዘርግቶ።

"ተወኝ፣ በጠዋቱ አታቃጥለኝ።"

"ያዣት አልኩሽ፣ ተሳፋሪዬ። ከክምሩ ሆድ አሁን ነው ያወጣኋት።"

ጣቷን በፍርሃት አስጠጋች። ከዚያ በመዳፏ ጨበጠቻት። ከዚያም በሁለት እጇ።

"ቀዝቃዛ ናት።"

"ቀዝቃዛ ናት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሄድሽ ወዲህ። ወገቤ… መንሽ አላነሣሁም። መደቡንም ወርጄ አላየሁልሽም። አደራሽን በልቻለሁ።"

"ታዲያ ልጅህ ይዟት 'ውይ' ማለቱን ነግሮኝ የለም?"

ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። "ቆርቆሮው ላይ አስደግፌያት ነው። ያሞቀቻት ፀሐይ ናት።"

ሴቲቱ ብረቷን ጉንጯ ላይ አደረገቻት። ጤዛ የጠጣች፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ የቀዘቀዘች ብረት ናት። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብሎ ሊይዛት ሲል፣ ለካ ሳቅ ነው፤ ሆዷን ይዛ፣ ዶሮዎቹ እስኪደነግጡ ሳቀች።

"አንተ ቀጣፊ! ሽማግሌ ቀጣፊ! ካልሞቀማ አልተቀቀሉም! ዘሬ አለ! እዚያ ውስጥ አለ!" አለችና ሳቋን በእንባዋ መሃል ወደ ዜማ መለሰችው፦

ወገብህ ቢታመም ለምን ደበቅከኝ፣
ቀዝቃዛው ብረትህ ይኸው አሞቀኝ።

የዚያን ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ክምሩን ከበበ። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ወገቡ በትኩስ ውሃ ጠርሙስ ተደግፎ፣ ባልዲው የተደፋበትን ቦታ ከምራቱ ጋር ተከራከረ። "ወደ ግራ ነው አባባ፣ ፊትዎን ሳያዞሩ ነበር እኮ ያሳዩኝ!" አለችው፣ ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ጭምር። ከዚያ ቦታ የወጣውን ብስባሽ በየሳጥኑ አካፍለው ችግኝ በሚፈላበት የላስቲክ ቤት ደረደሩት። ውሃ አጠጡት። ጠበቁ።

መጠበቅ ለሙሽራይቱ እሾህ ነበር። መጀመሪያ ዱባ ወጣ። ሣር ወጣ። ማንም የማያውቀው ቀጭን ነገር ወጣ። የሳጥኖቹን ዝርክርክነት ስታይ እጇ ይበላታል፤ ባሏ "እጅሽን ኪስሽ ክተቺ" እያለ ያሾፍባታል። አማቷ ግን ጠዋት ጠዋት አብራት ትገባና ቅጠሎቹን በጣቷ እያሸች ታስሸትታታለች። "በዓይንሽ አትመኚ፣ ዓይን ንጹሕ ነገር ይወዳል። አፍንጫሽን እመኚ" ትላታለች። አንዳንድ ጊዜም ከሳጥኖቹ ፊት ዝም ብላ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ ሾፌሩ ከውጭ ሆኖ ዝምታውን ይሰማዋል። ክምሩ ቢቀዘቅዝም ዘሮቹ ሊበሰብሱ፣ ትል ሊበላቸው ይችል የለ? ሐሰተኛ ተስፋ ሰጥቻት ይሆን? ይላል። ወገቡን ይረሳዋል፤ የልቡ ሕመም ይበልጣል።

አንድ ረፋድ ላይ ሙሽራይቱ ከላስቲኩ ቤት እየሮጠች ወጣች። አንድ ጣቷን እንደ ሻማ ቀጥ አድርጋ ይዛዋለች።

"አባባ! ያሽትቱልኝ! እኔ እንጃ፣ ሊሆን ይችላል፣ ያሽትቱ!"

ጣቷን አሸተተ። መራራ፣ አረንጓዴ፣ ትንሽ የሚያስነጥስ ሽታ ነው። ዓይኑን ጨፈነ። እግሩ ሥር ቅርጫት አለ፤ ማርሹ እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ከጎኑ አንዲት ልጅ መስኮቱን እያየች ቆማለች።

"ጥሪያት" አለ። "ተሳፋሪዬን ጥሪልኝ።"

የቲማቲሙ ችግኝ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ከሳጥኖቹ አንዱን ሞልቶታል።

ሲደርስ ተተከለ። አደገ። ትከሻው አረንጓዴ፣ መልኩ ኩርፊያ ሆኖ፣ ያ የተጨማደደ ቲማቲም እንደገና ቀላ። አሁን ክምሩን የምታገላብጠው ሙሽራይቱ ናት። አልጋ ያነጠፈ ክንድ መንሽ ይችላል። ሾፌሩ ከወንበሩ ሆኖ ይነዳታል፦ "ሁለተኛ ማርሽ! አዎ! አሁን ዳገት ነው፣ ትንፋሽሽን ያዢ! ከጎን ያዢው፣ ከጎን!" ብረቷን ሲመዛት ቆርቆሮና ፀሐይ የለም፤ ከክምሩ ሆድ እየጨሰች ነው የምትወጣው። መጀመሪያ የሚያቀብለው ለምራቱ ነው። "ውይ!" ስትል ፊቱን ማየት ነው።

የዘር መምረጫው ቀን ሲደርስ ሚስቱ የተተኮሱትን ሰማያዊ ብጣሾች ይዛ ወረደች፤ ሙሽራይቱ ከኋላዋ። እያሸቱ፣ እየዳሰሱ፣ እየተጨቃጨቁ የመረጡትን አሰሩ። ሲጨርሱ አንዲት ብጣሽ ተረፈች። ሴቲቱ ያችን ይዛ ዳገቱን ወጣች፤ ባሏ ወንበሩ ላይ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ አርፋ፣ ቆቡ ተንሸራቶ ያንቀላፋል። ቀስ ብላ እጁን አነሣችና አንጓው ላይ አሰረችለት።

ነቃ። ብጣሿን አየ፣ እሷን አየ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሰማያዊ ያሰረ አይነካም" አለችው። "ዕድሜ እስኪጠግብ ተቀምጦ ይታያል።"

ሙሽራይቱ በቆሸሸ እጇ አፏን ይዛ ሳቋን ልታፍነው ሞከረች።

"እኔ አሁን ገብቶኛል፣ እማዬ" አለች። "ቢሸበሸቡም አባባን ባልዲ ውስጥ አልከታቸውም።"